የፈታይ እጅ ሱቅ ሲገባ

(የመግቢያ ዜማ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በሰቆጣ ከተማ ያላችሁ፣ በደሃናና በጋዝጊብላ ደጋ፣ ወደ ተከዜ ወረድ ብሎም በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ እንዝርት እያሾራችሁ የምታዳምጡን ካላችሁ እባካችሁ አታቁሙ። የዛሬው ወሬያችን የሚነሣው ከእንዝርታችሁ ነው፤ የሚያርፈው ግን ሱቅ ውስጥ ነው። የሹራብ ክር እንዴት ይመረጣል? በትንሽ ገንዘብስ ጥሩ ክር ማግኘት ይቻላል ወይ? በዚህ ላይ እናወጋለን።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያ ሹራቤን የሠራሁት ለእህቴ ልጅ ነበር። ሱቅ ገብቼ ከተደረደረው ክር መካከል ቀዩን መረጥሁ። ለምን ቀዩን? ዓይኔን ስለሳበው። ከቀዩም ትልቁን ጥቅል አነሣሁ፤ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ክር ያለው መስሎኝ ነዋ። ሦስት ጥቅል ገዝቼ ቤት ስደርስ አክስቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለጋቢ የሚሆን ማግ ትፈትላለች። “እስቲ አምጪው” አለችና ተቀበለችኝ። ቀለሙን አላየችውም። ጫፉን መዝዛ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አንከባለለችው፣ ወደ ኋላ አዙራ ፈታችው፣ ሳብ አደረገችው፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ አስነካችው። “ይሄ አልከረረም” ብላ መለሰችልኝ። እኔም ሳቅሁ፤ “እትዬ፣ ይሄኮ የፋብሪካ ነው!”

ሹራቡ ገና ክረምት ሳይገባ ክርኑ ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ ትናንሽ ኳሶች አወጣ። ገና ስሠራውም ክሩ ስላልበቃኝ አራተኛ ጥቅል ልገዛ ብመለስ ያገኘሁት ቀይ ሌላ ቀይ ሆነ። የልጁ ግራ እጅጌ ከቀኙ ተለየ።

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሹራብ ሠርታ አታውቅም። ክርን ግን በጣቷ ታነበዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጥጥ ስትገዛ ፍሬ የበዛበትን የምትመልስ፣ ባዘቶው ካልተፍታታ እንዝርቷን የማታነሣ፣ ልቃቂቷ ላይ አንድ ጉጥ ብታይ የምትቆጣ ሴት ሱቅ ስትገባ ለምን ቀለም ብቻ አይታ ትገዛለች? ጥቅሉ በላስቲክ ስለታሸገ ነው? ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ነው? ወይስ ባለሱቁ ስለሚቸኩል? እኔ የሚመስለኝ “የፋብሪካ ነው” የምትለዋ ቃል እጃችንን ታስረዋለች። ስለዚህ ዛሬ የፈታይን እጅ ይዘን ሱቅ እንገባለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በአክስቴ ጣቶች እንጀምር። ክር ክር የሚሆነው ሲከርር ነው። ጥጡም ሆነ ጠጉሩ ለብቻው ሲሆን በትንሽ ጉልበት ተስቦ የሚለያይ ነገር ነው፤ አንዱን ከአንዱ ጋር ጨብጦ የሚይዘው ጥምዘዛው ነው። ያልከረረ ክር ለስላሳና ወፍራም ይመስላል፤ ሱቅ ውስጥ ሲዳሰስ ደስ ይላል። ነገር ግን የላሉት ጭረቶች በልብስ ላይ ሲፋተጉ ወደ ውጭ ይወጡና ይጠቀለላሉ። የእህቴ ልጅ ክርን ላይ ያየሁት እሱን ነው። ስለዚህ የጥቅሉን ጫፍ መዝዙ። በከረረበት ተቃራኒ አዙራችሁ ፍቱት። ስንት ቀጫጭን ክር ሆኖ ተለያየ? አንድ ብቻ ከሆነና ሳብ ስታደርጉት እንደ ባዘቶ ተንሸራትቶ ከተበጠሰ ተዉት። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ከተገመደ ግን ዕድሜ አለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚሉት አባባል ሹራብ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ አራት ቀጭን ክር አንድ ላይ ሲገመድ ከአንድ ወፍራም ክር ይበረታል።

ባለሱቁ ከፈቀደላችሁ ደግሞ ክሩን ሁለት መዳፋችሁ መካከል አድርጋችሁ ሃምሳ ጊዜ ያህል እሹት። ጠጉር ካወጣ አሁን ያወጣል። ካልፈቀደ አንድ ጥቅል ብቻ ግዙና ቤታችሁ ፈትኑት፤ ሌላውን በማግሥቱ መግዛት ትችላላችሁ። ማግሥት ስል ግን ማግሥት ማለቴ ነው፤ ከወር በኋላ አይደለም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በጣም የከረረም ችግር አለው። አንድ ክንድ ያህል ክር ያዙና ሁለቱን ጫፍ አቀራርባችሁ መካከሉን ወደ ታች ልቀቁት። ዝም ብሎ እንደ ማንገቻ ከተንጠለጠለ ደህና ነው። እርስ በርሱ እየተጠቀለለ እንደ ገመድ ከሆነ ጥምዘዛው በዝቷል፤ በዚያ የተሠራ ሹራብ አንድ ጎኑን ይዞ ይጣመማል። በእንዝርት የፈተላችሁትን የጥጥ ክር ሹራብ ልሥራበት ብላችሁ የሞከራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ለሸማኔ የሚሆን ፈትል ነጠላ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ማጉ በመወርወሪያ ስለሚያልፍ ጥምዘዛው የትም አይሄድም። ሹራብ ግን ዓይን በዓይን የተያያዘ ልቅ ነገር ነው፤ ክሩ ልቡ ወደፈቀደው ያዞረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ፈትል አንድ ላይ አድርጋችሁ እንዝርቱን በተቃራኒ አቅጣጫ አሹሩት። ሲፈተል ወደ ቀኝ ከሾረ ሲገመድ ወደ ግራ ይሹር። አንዱ የሌላውን ጥምዘዛ ያበርድለታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ እሳት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብታዳምጡኝ ደስ ይለኛል።

ሱቅ ውስጥ “ሱፍ ነው” ተብሎ የሚሸጥ ክር ሁሉ ሱፍ አይደለም። በነገራችን ላይ ሱፍ ስንል እኛ ሁለት ነገር አለን፤ አንዱ በጾም ለፍትፍት የሚሆነው እህል፣ ሁለተኛው የበግ ጠጉር። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ሱፍ አለ፤ ሱፍ የሚመስል። ስሙ አክሪሊክ ይባላል፤ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጭረት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን የበግ ጠጉርን እንዲተካ ታስቦ የተሠራ ነው። መጥፎ ነገር ነው እያልሁ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ቀለሙ አይለቅም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብል አይበላውም፣ ቆዳም አይኮሰኩስም። እኛ ሀገር የምናገኘው የሹራብ ክር አብዛኛው እሱ ነው። በሱፍ ዋጋ አክሪሊክ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

የሚለየው በክብሪት ነው። የሌባ ጣት ርዝመት ያህል ክር ቁረጡ። በእጃችሁ አትያዙት፤ በወረንጦ ወይም በመርፌ ጫፍ ያዙትና ሳህን ላይ፣ ልጅ በሌለበት፣ ውኃ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ለኩሱት። የበግ ጠጉር ከሆነ እሳቱን እየሸሸ ይኮማተራል፣ ክብሪቱ ሲርቅለት ይጠፋል፣ ሽታውም የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ነው፤ የቀረውን በጣታችሁ ስትጫኑት ይደቅቃል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ፈጥኖ ይነዳል፣ ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ጫፉ እንደ ፍም ይቆያል፣ አመዱ ነጭ ወደ ግራጫ የሚል ልስልስ ነው። አክሪሊክ ከሆነ እየቀለጠ ይነዳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድም ጥቁር ጠጠር ትቶ ይሄዳል። ያቺን ጠጠር በጣታችሁ ጨምቃችሁ ልታደቅቋት አትችሉም። ድብልቅ ከሆነ ደግሞ ጠጉሩም ይሸታል፣ ጠጠሩም ይቀራል።

አሁን ያችን ጠጠር አስቡልኝ። ቤታችን ውስጥ ጉልቻ አለ። ብርድ ሲሆን ሕፃን ሁሉ እሳት ዳር ነው። ያ የቀለጠ ነገር ሳህን ላይ ሲወድቅ ጠጠር ይሆናል፤ የልጅ ክንድ ላይ ሲወድቅ ግን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ጥጥም ይነዳል፣ ፈጥኖም ይነዳል፤ አይጣበቅም እንጂ። ለመቀጣጠል የሚያስቸግረው የበግ ጠጉር ነው። ስለዚህ እሳት ዳር ለሚውል ሕፃን ከቻላችሁ ሱፍ ወይም ሱፍ የበዛበት ድብልቅ ግዙ። አቅማችን አክሪሊክ ነው ካላችሁ፣ የአብዛኞቻችን አቅም እሱ ስለሆነ፣ አሠራሩን አስተካክሉ፤ እጅጌው አንጓ ላይ ጠበቅ ይበል፣ ዘርፍ አይኑረው፣ የሚንጠለጠል ኳስና ማሰሪያ አትስፉበት። እሳት ቢይዘውስ? ልጁ እንዳይሮጥ አስተኙት፣ በወፍራም የጥጥ ጋቢ አፍናችሁ አጥፉት፣ የተቃጠለውን ቦታ ለሃያ ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አብርዱት። ቆዳው ላይ የተጣበቀውን አትላጡት። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከእሳቱ ራቅ እንበል። የትኛው ክር ለየትኛው ሰው ይሆናል ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ “የት ነው የምትኖሩት?” ብዬ ነው። የምንኖርበት ዋግ አንድ አየር የለውም። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሄደው። ተከዜ ዳር ያለ ልጅ ደግሞ ሹራብ ቢሰጡት ወገቡ ላይ አስሮት ይውላል። ለቆላ ጥጥ ነው፤ ላብ ይጠጣል፣ አየር ያሳልፋል፣ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ እንዲያውም ሲርስ ይበረታል። ለደጋ ሱፍ ነው፤ ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ ገና ደረቅ የሚመስል ነገር ስለሆነ ጭጋግና ካፊያ ላይ ያለ ሰው አይበርደውም። ሲርስ ግን ይደክማልና እንደ ጋቢ ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት። አክሪሊክ በመሐል ነው፤ ያሞቃል፣ ላብ ግን አይጠጣም፤ ቀኑን ሙሉ ላሞች ሲያባርር የሚውል እረኛ ለብሶት ላቡ ውስጡ ይቀርና ፀሐይ ስትገባ ያ ላብ ይበርደዋል።

“እኛ በግ አለን፣ ለምን ሱፍ እንገዛለን?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሀገራችን ደገኛ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው። በዚህ የታወቀው የሰሜን ሸዋው የመንዝ በግ ነው፤ ከጠጉሩ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራበታል፣ የደብረ ብርሃኑ የብርድ ልብስ ፋብሪካም ይጠቀምበት ነበር። ጠጉሩንና ሥጋውን ለማሻሻል ተብሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዋሲ የሚባል የበግ ዝርያ ከእስራኤል መጥቶ ደብረ ብርሃንና መንዝ አመድ ጉያ ውስጥ ከአገሬው በግ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። እንግዲህ ሻካራ ማለት ምን ማለት ነው? ጭረቱ ውፍረት አለው ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከሠላሳው ክፍል፣ ማለትም ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ የጠጉር ጫፍ ቆዳ ሲነካው አይታጠፍም፣ ይወጋል። ልጆች “ሹራቡ በላኝ” የሚሉት ያንን ነው። ቀጭኑ የሜሪኖ በግ ጠጉር ከ22 ማይክሮን አይበልጥም፤ ለዚህ ነው ውድ የሆነው።

አክስቴ ክሩን ከንፈሯ ላይ ያስነካችው ለዚሁ ነበር። ጣታችን ሥራ የለመደ ሻካራ ነው፤ ሊዋሽ ይችላል። ከንፈር፣ አንገት፣ የእጅ አንጓ ውስጠኛው ክፍል አይዋሹም። የሚወጋ ክር ይጣላል ማለቴ ግን አይደለም! ለአንገት ልብስ ያልሆነው ለምንጣፍ፣ ለብርድ ልብስ፣ ከሸሚዝ በላይ ለሚለበስ ካፖርት መሳይ ሹራብ ይሆናል። የበጋችሁን ጠጉር ፈትላችሁ ከሆነ ከትከሻና ከጎን የተሸለተው ከጭንና ከሆድ ከተሸለተው ይለያልና ለዩት። ስታጥቡትም ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፉት እንጂ አትሹት። ሙቀትና ፍትጊያ አንድ ላይ ካገኘው ተጣብቆ እንደ ቆብ ጨርቅ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ የሚፈታው የለም።

ወደ ዋጋው እንሂድ። ሰቆጣ ገበያ ማር ሲገዛ ያየ ሰው ያውቃል፤ ማንም እንስራውን አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ይቀመሳል፣ ሰፈፉ ይታያል፣ ይመዘናል። ክር ላይ ግን ሁላችንም እንስራውን እናያለን። በላላ ሁኔታ የተጠቀለለ ክር ሆዱ ባዶ ሆኖ ጥቅሉ ትልቅ ይመስላል፤ ያኔ የሸወደኝ እሱ ነበር። ጥቅሉ ላይ ወረቀት ካለ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ አንደኛው ግራም ነው፣ ብዙ ጊዜ 50 ወይም 100 ይላል፤ ሁለተኛው ሜትር ነው። የውጭ ፊደል ባታነቡ የተማረ ልጅ ያሳያችሁ። ወረቀት ከሌለው የቡና ወይም የቅመም ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ከሁለቱ ቁጥሮች ዋናው ሜትሩ ነው፤ ሹራብ የሚበላው ርዝመት ነውና። በምሳሌ እንየው። ሁለት ጥቅሎች ውፍረታቸው እኩል ነው እንበል። አንዱ 80 ብር ሆኖ 120 ሜትር ነው፤ ሌላው 100 ብር ሆኖ 200 ሜትር ነው። ለአራት ዓመት ልጅ በመካከለኛ ውፍረት ወደ 500 ሜትር ክር ይፈጃል። ከመጀመሪያው አምስት ጥቅል ትገዛላችሁ፣ 400 ብር። ከሁለተኛው ሦስት ጥቅል፣ 300 ብር፤ በሁለቱም ለካልሲ የሚሆን ይተርፋችኋል። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው፤ ስሌቱ ግን በየትኛውም ዋጋ ይሠራል። ውፍረታቸው እኩል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? እስክሪብቶ ላይ ሳትወጥሩም ሳታላሉም ጎን ለጎን ጠምጥሙ። በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ ከ11 እስከ 14 ዙር ከገባ መካከለኛ ነው፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ ይስማማዋል። ሁለቱ ጥቅሎች የዙር ቁጥራቸው ከተቀራረበ ይወዳደራሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥጥ ከሱፍና ከአክሪሊክ ይከብዳል። በእኩል ውፍረት የጥጡ 100 ግራም አጭር ይሆናል፤ ባለሱቁ አታሎ አይደለም፣ የጥጥ ባሕርይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከሱቁ መደርደሪያ እንውጣ፤ ርካሹ ጥሩ ክር ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አንዱ ሸማኔው ዘንድ ነው። የፋብሪካ ድር ማለቴ ነው። ሀገራችን ጥጥ የሚፈትሉ ፋብሪካዎች አሏት። የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው፤ የጦርነት ዕዳ ክር ሆኖ መውጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የኮምቦልቻው ደግሞ የደርግ ዘመን ሥራ ነው። የፋብሪካ ድር በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። 20 ቁጥር ድር 100 ግራሙ ወደ 3,400 ሜትር ይሆናል። ይህ ለሹራብ የሸረሪት ድር ነው። አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ብትገምዱት ግን 100 ግራሙ ወደ 280 ሜትር ይወርድና ለሕፃን ሹራብ፣ ለኮፍያ፣ ለአንገት ልብስ የሚስማማ ንጹሕ ጥጥ ይሆናል። አራት አራቱን መጀመሪያ ገምዱ፣ ከዚያ ሦስቱን እንደገና በተቃራኒ ገምዱ። ሥራ አለው፣ አልዋሽም። እንዝርት ላለው ቤት ግን የማታ ወግ ያህል ነው። ከመሥራታችሁ በፊት በሳሙና ቀቅሉት፤ ጥጥ ያጥራልና ልጁ ላይ ከሚያጥር እጃችሁ ላይ ይጠር።

ሁለተኛው ሰልባጅ ተራ ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈው ትልቅ የአዋቂ ሹራብ፣ ክርኑ የተቀደደ፣ ማንም የማይለብሰው፣ ለሚተረትር ሰው ግማሽ ኪሎ ክር ነው። አንዳንዱ ንጹሕ ሱፍ ነው፤ ክብሪቷን አትርሱ፣ ከውስጥ ስፌቱ ጭራ ቆርጣችሁ ፈትኑ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ገልብጣችሁ የጎን ስፌቱን እዩ። ጠርዙ በመኪና ተቆርጦ በስፌት ክር ዙሪያውን የተቆለፈ ከሆነ ተዉት፤ ሲተረተር በየመስመሩ የተቆራረጠ አጫጭር ክር ነው የምታገኙት። ጠርዙ ሳይቆረጥ ዓይን በዓይን የተያያዘ ከሆነ ግን አንድ ወጥ ክር ይወጣዋል። ስፌቱን ፍቱ፣ ከዚያ ከላይ ከአንገቱና ከትከሻው በኩል ጀምራችሁ ተርትሩ፤ ከታች ከጀመራችሁ ያስቸግራችኋል። የተተረተረው ክር እንደ ፀጉር ጥቅልል ይላል። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሙት፣ አራት ቦታ በላላ ቋጠሮ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉና ጥላ ላይ ስቀሉት። ሲደርቅ ቀጥ ይላል። አጥብቆ የተኮማተረ፣ በመታጠብ ብዛት እንደ ብርድ ልብስ የሆነ ሹራብ ግን አይተረተርም፤ እሱን ቆርጣችሁ ጓንት ስፉበት።

ሦስተኛው እርስ በርሳችሁ ነው። ክር የሚመጣው በብዛት ታሽጎ ነው፤ ባለሱቁ እየፈታ ይቸረችራል። አምስት ሴቶች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥታችሁ እሽጉን ሳይፈታ ብትገዙ ዋጋው ይቀንሳል፤ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ካላችሁም ብትልኩት ያዋጣል። ከዋጋው የሚበልጥ ጥቅም ደግሞ አለው፤ እሽጉ አንድ ላይ የተነከረ ነው።

ቅድም “ከወር በኋላ አይደለም” ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ፋብሪካ ክር የሚያቀልመው በዙር ነው። የዛሬው በርሜልና የነገው በርሜል በመብራት ቢያዩት አንድ ቀይ ነው፣ ፀሐይ ላይ ግን ይለያያል። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የማቅለሚያው ዙር ቁጥር አለ፤ የሁሉም ጥቅል የዙር ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፤ ወረቀት ከሌለው ወደ ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ አስተያዩ። የሚበቃችሁን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ፣ አንድ ጥቅል አስተርፉ። ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር ከሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ እሹት፤ ጨርቁ ከቀላ ያ ሹራብ ከነጠላችሁ ጋር ሲታጠብ ነጠላውንም ያቀላዋል።

ወረቀቱ ላይ ሥዕሎችም አሉ። የውኃ ሣህን ውስጥ እጅ የተሣለበት በእጅ ይታጠብ ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን ላይ ምልክት ከተሰረዘበት በረኪና አይንካው ነው። ካውያ ላይ ከተሰረዘበት አትተኩሱት፤ አክሪሊክ ላይ የከሰል ካውያ ያሳረፈ ሰው ሹራቡ ተንጋሎ እንደ እርጥብ ወረቀት ሲልፈሰፈስ አይቶ ያውቃል፣ ተመልሶም አይነሣም። ካሬ ውስጥ ክብ ያለበት የማድረቂያ መኪና ነው፤ እኛ ፀሐይ አለን።

(የመዝጊያ ዜማ ከሩቅ ይጀምራል)

የዛሬው ሰዓታችን እያለቀ ነው። ለሳምንት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ አለ። ቤታችሁ ውስጥ ካለ ሹራብ ሁሉ ከውስጥ ስፌት አንዳንድ ጭራ ክር ቁረጡና በክብሪት ፈትኑ። የትኛው ጠጠር ሆነ? የትኛው ጠጉር ሸተተ? የእሳት ዳሩ ልጅ የለበሰውስ የቱ ነው? ጻፉልን ወይም ደውሉልን፤ በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣኛ ብትነግሩንም የሚተረጉም ሰው አለን። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መርፌ እንነጋገራለን፤ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ መርፌ የሚሠራ ወንድማችንን ጋብዘናል።

የእህቴ ልጅ ሹራብ ደግሞ አሁን ለታናሽ እህቱ ወርዷል። ኳሶቹን በምላጭ ላጭቼላታለሁ። የግራ እጅጌው ግን ዛሬም ሌላ ቀይ ነው፤ እሷ ግራና ቀኟን የለየችው በእሱ ነው።

ደህና እደሩ።

(ዜማው ከፍ ይላል)